ከደጋ ከተማ ሆኖ የወባና የዴንጊ ወረርሽኝን ቀድሞ ማየት ይቻላል ወይ? ለተጠየቀው መልስ

ሰላም እህቴ። ፒያሳ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የቅኝት ፎካል (የበሽታ ክትትል ተጠሪ) ሆነሽ ከተመደብሽ ገና ጥቂት ወራትሽ ነው። በየሳምንቱ ለወረዳ በምትልኪው ሪፖርት ላይ የወባው ቁጥር ትንሽ፣ የቢጫ ወባው (ስሙ ወባ ቢባልም በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ የቫይረስ በሽታ ነው) ደግሞ ሁሌ ዜሮ ነው። «እኛ ደጋ ላይ ተቀምጠን ምን ልናገኝ ነው? ወረርሽኝ ቢነሳስ በምን ቀድመን እናውቃለን?» ብለሽ ጠይቀሻል፤ መጨረሻ ላይም ወረዳውን የትንኝ ማጥፊያ ርጭት ይደረግልን ብዬ ልጠይቅ ወይ ብለሻል። እኔ በዚሁ ሥራ መርካቶና ልደታ አካባቢ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ያየሁትን ልጻፍልሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ከዋናው ልነሳ። መሃል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ አገራችን ውስጥ ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ አንቺ ጋ የሚደርሰው የወባ ትንኝ ሳይሆን ሰው ነው፤ ከቆላ በአውቶቡስ የተሳፈረ ሰው። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ገደማ ብቻ በአገር ደረጃ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ሲመዘገቡ ከእነሱ ጥቂቶቹ እኛ ከተማ ታክመዋል። ከእኛ የሚጠበቀው «ስንት ሰው ታመመ» ከሚለው ይልቅ «ይህ ሰው የት ሰንብቶ መጣ» የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የተመላላሽ ታካሚ መዝገብሽን ክፈቺና አድራሻ የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አንብቢው። «አራዳ 05፣ አራዳ 05፣ አራዳ 09...» ይላል፤ ግን ይህ አድራሻ ብዙ ጊዜ የታካሚው አይደለም። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ያረፈበትን የአጎቱን ወይም የአክስቱን ቤት ነው የሚናገረው። መታወቂያ እንጠየቃለን፣ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ እንባላለን ብሎ የሚፈራም አለ። በመዝገቡ ከሄድሽ ወባው አራዳ ውስጥ የተያዘ ይመስላል፤ የተያዘበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ካርድ ክፍል ከሚጠይቀው ሌላ፣ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ «ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ከአዲስ አበባ ውጭ ያደርክበት ቦታ አለ? የት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቦታውን እስከ ወረዳው፣ ከተቻለም እስከ ቀበሌው ጻፊ። «ቆላ ነበርኩ» የሚል መልስ ለማንም አይጠቅምም።

አንድ ኅዳር ላይ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያሉ ወጣቶች በተከታታይ ቀናት ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ተገኘባቸው፤ አድራሻቸው አንድ ቀበሌ ነው። መዝገቡ ብቻ ቢታይ ከተማ ውስጥ መተላለፍ ጀመረ ያሰኛል። ስልካቸውን ይዤ አንድ በአንድ ስደውል ሁሉም አንድ የመንገድ ግንባታ ካምፕ ሲሠሩ ቆይተው የመጡ የቀን ሠራተኞች ሆኑ፤ የሚኖሩትም በአንድ የኪራይ ክፍል ነው። ካምፑ ካለበት ወረዳ የሚሠራ ባልደረባችንን አፈላልጌ ደወልኩ። እነሱ ጋ ምንም አልታየም፤ ምክንያቱም ሠራተኞቹ ሲያማቸው ከሱቅ ኳርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት ገዝተው ይውጣሉ፣ የባሰበት ደግሞ ዘመድ ወዳለበት አዲስ አበባ ይመጣል። በማግስቱ ቡድን ሄዶ ካምፑ ውስጥ ብዙ ሰው ታሞ ተኝቶ አገኘ። የዚያ ወረዳ ወረርሽኝ ቀድሞ የታየው እዚህ ነው። ወረዳው በራሱ መንገድ እስኪያውቀው ቢጠበቅ ኖሮ ከዚያ ካምፕ ስንት ሰው ይሞት ነበር እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ ነው፤ ወባ የለም የተባለው ትኩሳት። አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት ይመጣል፣ ቢኤፍ (በማይክሮስኮፕ የሚታይ የወባ ደም ምርመራ) ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ቀጥሎ ቪዳልና ዌል ፊሊክስ የተባሉት የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራዎች ይታዘዙለታል፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ይባላል፣ ሲፕሮ የተባለ አንቲባዮቲክ ይዞ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ ሲሻለው መድኃኒቱ ሠራ ይባላል። ዴንጊ፣ ማለትም በትንኝ የሚተላለፈው የቫይረስ ትኩሳት፣ ቢሆንስ? አብዛኛው የዴንጊ ታማሚ በሳምንት ገደማ ውስጥ በራሱ ይሻለዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ የቪዳል ምርመራ ደግሞ ታይፎይድን ለማረጋገጥ የሚታመን አይደለም። የማናውቀው ትኩሳት ሁሉ መዝገቡ ላይ ታይፎይድና ታይፈስ በሚለው ዓምድ ውስጥ እየገባ ይጠፋል፣ እኛም ዜሮ እንልካለን።

ዴንጊ አገራችን ውስጥ እንደ ወረርሽኝ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ ነው። እዚያው ከተማ በ2019 ቺኩንጉንያ የተባለ፣ እሱም በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሞ ነበር። ድሬዳዋ ከእኛ በባቡርም በአውቶቡስም በአንድ ቀን የሚደረስባት ናት፤ የዴንጊ ምልክት ደግሞ ከተነከሱ ከ4 እስከ 10 ቀን ስለሚቆይ ሰው ጤነኛ ሆኖ ተሳፍሮ መርካቶ ላይ ይታመማል። ስለዚህ ድንገት የጀመረ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም፣ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ሽፍታ፣ ወባ ኔጌቲቭ፣ ከዚያ ላይ የምሥራቅ ጉዞ ካለ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ናሙናም አስወስጂ። በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ውስጥ የተወሰደ ደም ቫይረሱን ራሱን ለማግኘት ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን ሳይጻፍ የተላከ ናሙና ግማሽ ዋጋውን ያጣል። ሌላም አለ፤ ክሊኒኮቻችን ለማንኛውም ቁርጥማት ዲክሎፌናክ መርፌ ይወጋሉ። ዴንጊ ላይ ይህ የመድማት አደጋ ያባብሳል፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። ትኩሳቱ ሲበርድ ሆድ ካመመው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ድዱ ከደማ ተሻለው ብላችሁ አትሸኙት፤ የሚከፋው ያኔ ነው።

ፋልሲፓረም ላይ አርዲቲን (ፈጣኑን የወባ ምርመራ) ብቻ አትመኚ። ምርመራው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጭ የወባ ተሐዋሲ አገራችን ውስጥ ተገኝቷል፤ ሰውየው ከቆላ መጥቶ ምልክቱ ካለበት ኔጌቲቭ ቢልም በማይክሮስኮፕ ይታይ።

ግድግዳሽ ላይ ስላለው የወባ መከታተያ ግራፍ፦ ያለፉትን አምስት ዓመታት የዚያኑ ሳምንት ቁጥር ደርድሮ ሁለተኛውን ከፍተኛ ቁጥር ጣሪያ ማድረግ ቆላ ላይ በደንብ ይሠራል። አንቺ ጋ ግን ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ መስመሩ ብዙም አይነግርሽም። አንቺ ጋ ማንቂያው ጉዞ የሌለው አንድ ታካሚ ነው። ለወራት ከከተማ ያልወጣ ሰው ወባ ከተገኘበት፣ ደም ያልተለገሰው ከሆነና ቪቫክስ (ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚያገረሽ የወባ ዓይነት) አገርሽቶበት ካልሆነ፣ ያኑ ቀን ለወረዳና ለክፍለ ከተማ ደውይ። እንዲህ የምልሽ በምክንያት ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው፣ በርሜልና ሮቶ ውስጥ የሚራባ የከተማ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝቶ ነበር፤ ከዚያ አዋሽ ሰባት ላይም ታይቷል። በ2022 በበጋ፣ ወባ በማይጠበቅበት ወቅት፣ ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝ ምክንያቱ እሱ እንደሆነ ጥናት አሳይቷል። እኛም በፈረቃ ውሃ የምንኖር፣ በየግቢው በርሜል የምናስቀምጥ ሰዎች ነን።

የግል ክሊኒኮችንና ፋርማሲዎችን አትርሺ። ከአውቶቡስ የሚወርደው ሰው በመጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ደብዳቤ ከመላክ በአካል ሄደሽ ከላብራቶሪው ልጅ ጋር ስልክ መለዋወጥ ይሻላል። ፋርማሲውን «ኳርተም በዚህ ሳምንት እንዴት እየሄደ ነው?» ብለሽ ብትጠይቂ ብዙ ታውቂያለሽ።

በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነቅተሽ ጠብቂ። ክረምቱ ወጥቶ ቆላው ይሞቃል፣ መስቀልን አገር ቤት ያከበረው ነጋዴ ይመለሳል፣ የእርሻ ሠራተኛው ይመጣል።

ቢጫ ወባ ላይ ግን ሳምንት አትጠብቂ። ትኩሳት ይዞት በሁለት ሳምንት ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አስቸኳይ ሪፖርት ነው፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወረዳ ማወቅ አለበት። የጉበት በሽታ ነው ብሎ ማሳደር አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ አገራችን 30,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፤ በ2020 ደግሞ ጉራጌ ዞን ላይ ታይቷል፣ ከመርካቶ ጋር በየቀኑ የሚመላለስ አካባቢ።

ስለ ርጭቱ፦ አሁን ባለሽበት ሁኔታ አትጠይቂ። ያልታወቀ ነገር ላይ የሚረጭ ኬሚካል ብክነት ነው። ይልቅ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽኖቻችሁ ቤት ለቤት ሲሄዱ በርሜልና ሮቶ መከደኑን ይዩ፣ ካልተከደነም በየሳምንቱ ተደፍቶና ታጥቦ እንዲሞላ ይንገሩ፤ እጭ ካዩም በጠርሙስ ቀድተው፣ የተገኘበትን ቤትና ቀን ጽፈው ያምጡልሽ። ያንን ለክፍለ ከተማው ስትሰጪ ዝርያው እንዲለይ በጽሑፍ ጠይቂ።