የሐረጎ መንገድ ምስል ላይ እንቅልፍ ለሚጥለው
ሕልም መሆኑን እያወቅህ ሕልም ለማየት ማታ ጋደም ብለህ የደሴ–ኮምቦልቻን መንገድ በዓይነ ኅሊናህ ስትስል ሐረጎ ሳትደርስ እንቅልፍ የሚጥልህ ሰዓቱ ስላልሆነ ነው። ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ የሚረዝመው ወደ ንጋት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከተኛህ አላርም ለሌሊቱ 9 ሙላ፤ ተነስተህ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቆይ። ስልክ አትጎርጉር።

ተመልሰህ ስትተኛ መንገዱን እንደ ፎቶ አትየው፣ ሂድበት። የሚኒባሱ መስታወት ግንባርህን ሲያቀዘቅዘው፣ ኩርባው ላይ ትከሻህ ወደ በሩ ሲያዘነብል ይሰማህ። መሃል ላይ "ይሄኮ ሕልም ነው" ብለህ፣ ለማረጋገጥ ጣቶችህን ስትቆጥር ራስህን ሳል። ምስሉ ከደበዘዘ አትታገለው፣ ጭራሽ ያነቃሃል፤ ከመናኸሪያው እንደገና ጀምር።

አንድ ነገር ግን፦ በጀርባህ አትተኛ፣ ዱካክ ይበዛል። ከተጫነህ አትደንግጥ፤ ትንፋሽህን አረጋጋ፣ ይለቅሃል። በማግስቱ መሪ የምትይዝ ከሆነ የዚያን ሌሊት ይቅርብህ።