መልስ፦ ክሮሞሶሙ ወዲያው ሁለተኛ ቅጂ የማይጀምረው ለምንድን ነው?

ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ክሮሞሶሙን መቅዳት ከጀመረ በኋላ በዚያው መነሻ (ቅጂው የሚጀመርበት ቦታ) ላይ ወዲያው የማይደግመው ለምን እንደሆነ ለጠየቁት፦ መነሻው ኦሪሲ በ245 ቤዝ ጥንድ ውስጥ 11 የጂኤቲሲ ቦታዎች (ሜቲል የተባለ ኬሚካዊ ምልክት የሚለጠፍባቸው አጭር የዲኤንኤ ፊደላት ቅደም ተከተሎች) አሉት። እንደተቀዳ ሜቲል ያለው አሮጌው ሰንሰለት ብቻ ስለሆነ ሴክኤ የተባለው ፕሮቲን ይጣበቅበትና የሴሉን ዑደት ሲሶ ያህል ዲናኤን (ቅጂውን የሚያስጀምር ፕሮቲን ነው፣ ከዲኤንኤ ጋር እንዳይምታታ) ያግዳል። በዚህ ፋታ ኤችዲኤ የተባለ ፕሮቲን ከቤታ ክላምፑ (ቀጂውን ኢንዛይም ዲኤንኤው ላይ ከሚይዘው የፕሮቲን ቀለበት) ጋር ሆኖ ዲናኤ የያዘውን ኤቲፒ (ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ወደ ኤዲፒ ይለውጣል፤ ኤዲፒ የያዘ ዲናኤ ኦሪሲን አይከፍትም።

በላብራቶሪ ለማየት ሪፋምፒሲን (ያው የቲቢው መድኃኒት) አዲስ ጅማሬን፣ ሴፋሌክሲን ክፍፍልን ያቆማል፤ የተጀመረው ቅጂ ይጨርስና በፍሎው ሳይቶሜትር (በየሴሉ ያለውን የዲኤንኤ መጠን በሚያሳይ መሣሪያ) ይለካል። ጤነኛ ሴል 2፣ 4 ወይም 8 ክሮሞሶም ያሳያል። ሴክኤ የሌለው ግን 3፣ 5፣ 6፣ 7 ይዞ ይገኛል፤ መነሻዎቹ አብረው አልተነሱማ።