መልስ፦ ኮዴን ለአዲሱ ፕሮሰሰር ላመቻቸው ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ለኮምቦልቻ ጅምላ ሻጮች የሠራኸውን የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም፣ አዲስ ላፕቶፕ ስለገዛህ በኤቪኤክስ-512 (ፕሮሰሰሩ ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ እንዲያሰላ የሚያደርጉ ልዩ ትዕዛዞች) ላፍጥነው ወይ ብለሃል። እኔ ብሆን አልነካውም።

መጀመሪያ የደንበኞችህን ማሽን እይ። ደሴ ፒያሳ ሱቆች ውስጥ እኔ የማየው አብዛኛው ያገለገለ ነው። ከእሱ የቀደመው ኤቪኤክስ2 እንኳን የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ከኢንቴል ሃስዌል ፕሮሰሰሮች ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ፕሮሰሰር ትዕዛዙን ጭራሽ አያውቀውም። ፕሮግራሙ ቀስ አይልም፤ ድርግም ብሎ ይዘጋል። እኔ ቀምሼዋለሁ። ኮዱን ለራሴ ማሽን ፕሮሰሰር ብቻ በሚያመቻቸው "ማርች ኔቲቭ" በሚለው አማራጭ ኮምፓይል አደረግኩ። እኔ ጋ እንደ ጥይት ነበር። ደንበኛው ጋ አልከፈት አለ። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ እየተሳቀቅኩ የድሮውን መልሼ ጫንኩለት።

ደግሞ አዲስ ስለሆነ ሁሉ አለው ማለት አይደለም። ኢንቴል ኤቪኤክስ-512ን በ11ኛው ትውልድ ኮር ፕሮሰሰሮቹ ሰጥቶ በ12ኛው ነጠቀ። (የአንተ 12ኛ ከሆነ ነገሩ እዚሁ አለቀ።)

የወር ሪፖርቱ ነው የሚንቀራፈፈው ካልክ በፕሮፋይለር (የትኛው የኮድ ክፍል ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በሚያሳይ መሣሪያ) ለካው። ዘጠና ዘጠኝ እጅ ጥፋቱ ዳታቤዙ ጋ ነው፤ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) የሌለው ቴብል ወይ በሉፕ ውስጥ የተደጋገመ ጥያቄ (ኩዌሪ)። እሱን ካስተካከልክ አሮጌውም ማሽን ይፈጥናል።

ምስል ወይ ቪዲዮ የምታቀናብር ቢሆን ሌላ ነገር ነው። ያኔም በእጅህ አትጻፈው። እንደ ኦፕንብላስና ነምፓይ ያሉ ዝግጁ የስሌት ላይብረሪዎች ሲነሱ ፕሮሰሰሩን አይተው የሚስማማውን ኮድ ራሳቸው ይመርጣሉ።

ሪፖርቱን የሚያወጣውን ኩዌሪ እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እንየው።