ለሆም ኬር ሠራተኛዋ እህታችን፦ ባልሠራሽው ሰዓት አትፈርሚ

እህቴ፣ የምትንከባከቢያቸው እናት ለገና አገር ቤት ሄደው ሳለ የቀጠረሽ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ድርጅት (ኤጀንሲው) «ሰዓቱን እንደ ወትሮው ሙይ፣ ክፍያውን ከቤተሰቡ ጋር ትካፈያለሽ» እንዳለሽና ቤተሰቡም እንደተስማማ ጽፈሻል። በዚሁ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ሳላለዝብ ልንገርሽ፤ አታድርጊው።

ገንዘቡ የሜዲኬይድ፣ ማለትም በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሆን የመንግሥት የጤና መድን ነው፤ የቤተሰቡ ፈቃድ ምንም አያድንሽም። መካፈሉ ራሱ እንደ ጉቦ ሊቆጠር ስለሚችል ሌላ ጣጣ ያመጣል። በመንግሥት የጤና መድን ለሚከፈል አገልግሎት ጉቦ መስጠትም መቀበልም በፌዴራል ሕግ እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል።

«ማን ያውቃል?» ይሉሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሕግ አገልግሎቱን ማን ለማን፣ የት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሰጠ በኤሌክትሮኒክስ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ስትገቢና ስትወጪ በስልክሽ የምትመዘግቢው ለዚህ ነው። የእናትየው የጉዞ መዝገብም አለ። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ መርማሪዎች ሲመጡ ባለቤቱ «ሠራተኞቹ በላኩልኝ ሰዓት ነው ያስከፈልሁት» ብሎ ጥፋቱን በእኛ ላይ አላከከ። ፊርማው የእኛ ነበርና ቀድመው የጠሩት እኛን ነው። ያን ቀን ያለቀሱትን እናቶች አልረሳቸውም።

ዜግነት ካልወሰድሽ ነገሩ ይብሳል። ጉዳቱ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ የማጭበርበር ወንጀል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ከአገር ያስባርራል።

ሥራሽን ማጣት እንደሚያስፈራሽ ይገባኛል። ነገር ግን የሐሰት ሒሳብ አቅርቦ የመንግሥትን ገንዘብ መውሰድን የሚከለክለው ሕግ ላንቺም ቆሟል። ሕጉ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሠራዊቱን ያጭበረብሩ በነበሩ ነጋዴዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1863 በፕሬዚዳንት ሊንከን ዘመን የወጣ ነው። ማጭበርበሩን ለማስቆም በመጣርሽ ቢያባርሩሽ ወደ ሥራሽ እንድትመለሽና የቀረብሽ ደመወዝ እጥፍ እንዲከፈልሽ ያዝዛል። በመንግሥት ስም ክስ መሥርቶ የረታ ሰው ከሚመለሰው ገንዘብ በአብዛኛው ከ15 እስከ 30 በመቶ ያገኛል። እንዲህ ያለ ክስ መጀመሪያ የሚቀርበው በምስጢር ስለሆነ፣ ሐሳቡ ካለሽ የኤጀንሲውን ስም በአደባባይ አትጻፊ።

አሁን «እናትየው በሌሉበት ቀን ሰዓት አልሞላም» ብለሽ ለኤጀንሲው አጭር መልእክት ላኪ። የጻፉልሽን ሁሉ አስቀምጪ፣ አንዱንም አታጥፊ። እስካሁን የሞላሽው የሐሰት ሰዓት ካለ ግን፣ ለኤጀንሲውም ሆነ ለመርማሪ አንድ ቃል ከመናገርሽ በፊት ጠበቃ አነጋግሪ።