ቫይታሚን የሚያመርት እርሾ እና የጓሮው ብርቱካናማ ስኳር ድንች

ጥያቄ፦ በወላይታ ዞን አረካ አቅራቢያ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። ባለቤቴ የስንዴ ዳቦ እየጋገረች በገበያ ቀን ትሸጣለች። ኮሌጅ የምትማረው ልጃችን ቫይታሚን ኤ የሚያመርት የዳቦ እርሾ በውጭ አገር መሠራቱን ነግራናለች። ነጩ ስኳር ድንች ዱቄትነት ስላለው ገበያው ይወደዋል፤ ብርቱካናማው ግን ውሃ ይበዛበታል፣ ሐረጉም በበጋ ይደርቅብኛል። እርሾው የሚገኝ ከሆነ ብርቱካናማውን ነቅዬ ቦታውን በሙሉ ለነጩ ላውለው አስቤአለሁ። እርሾው ከየት ይገኛል? ለዶሮዎቻችንስ ይሰጣል?

መልስ፦ ከጥያቄዎ አስቸኳዩ የመሬቱ ጉዳይ ስለሆነ መልሱን አስቀድማለሁ፤ ብርቱካናማውን አይንቀሉት። ልጅዎ የነገረችዎ እውነት ነው፣ ነገር ግን እርሾው ለእርስዎ ጓሮም ሆነ ለባለቤትዎ ሊጥ ገና አልደረሰም፤ ቢደርስ እንኳ የስኳር ድንቹን ሥራ ሙሉ በሙሉ ይተካል ብዬ አላምንም።

ልጅዎ የሰማችው በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ለዓለም አቀፍ ውድድር ያቀረቡትን ሥራ ሊሆን ይችላል። ተራው የዳቦ እርሾ ለሕዋሱ ሽፋን የሚያስፈልገውን ኤርጎስቴሮል የተባለ ስብ መሰል ነገር ሲሠራ በመካከል የሚያልፍባቸው ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ቤታ ካሮቲን የሚባለውና ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ብርቱካናማ ቀለምም የሚሠራው ከእነዚሁ ነው። እርሾው የጎደለው ሥራውን የሚያስጨርሱት ዘረ መሎች ብቻ ስለነበሩ፣ ተማሪዎቹ እነዚህን ከሌላ ቀይ ቀለም ካለው የእርሾ ዝርያ ወስደው አስገቡለት፤ እርሾውም ብርቱካናማ ሆነ። የሐሳቡ ብልኅነት ደኻውም ሀብታሙም በየቀኑ በሚበላው ዳቦ በኩል ቫይታሚን ለማድረስ መሞከሩ ነው።

ችግሩ የሚታየው መጠኑ ሲሰላ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሆነ ሕፃን በቀን 300 ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል፤ ከምግብ የሚገኝ 12 ማይክሮ ግራም ቤታ ካሮቲን እንደ አንድ ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ኤ ስለሚቆጠር፣ ይህ ማለት 3.6 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን ነው። ባለቤትዎ ለአንድ ኪሎ ዱቄት አሥር ግራም ያህል ደረቅ እርሾ ትጨምራለች እንበል። መቶ ግራም በሚመዝን ዳቦ ውስጥ ያለው ዱቄት ስድሳ አምስት ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ሕፃኑ የሚደርሰው እርሾ ከአንድ ግራም በታች ነው። እርሾው ሊጡ ውስጥ ጥቂት ቢባዛም፣ የቀን ፍላጎቱን ከዚያች ዳቦ ብቻ ለማሟላት ከእያንዳንዱ ግራም እርሾ አምስት ሚሊ ግራም ተኩል ያህል ካሮቲን መውጣት አለበት፤ ያውም ምድጃው የሚያጠፋውን ሳንቀንስ። በቤተ ሙከራ ወደዚህ የቀረቡ እርሾዎች አሉ፤ የባለቤትዎ ሊጥ ግን ቤተ ሙከራ አይደለም። በአንጻሩ ተቀቅሎ የቀረበ 125 ግራም ብርቱካናማ ስኳር ድንች የአንድ ሕፃን የቀን ፍላጎት ይሸፍናል፤ ይህም መካከለኛ መጠን ያለው አንድ ድንች ነው።

ሌላው እንቅፋት ሕጉ ነው። ዘረ መሉ የተለወጠ ሕያው ነገር ወደ አገር ለማስገባትና ለመጠቀም በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ “ቫይታሚን የሚሠራ እርሾ” ብሎ በፌስታል ቢያቀርብልዎ አይግዙ። በቤት እርሾ ላይ ጨምሮ ማራባትም አያዋጣም፤ የጤፍ እርሾ በብዙ ዓይነት ተፈጥሯዊ እርሾዎችና አሲድ በሚሠሩ ባክቴሪያዎች የተሞላ ስለሆነ፣ ለራሱ የማይጠቅመውን ቀለም እየሠራ የሚደክመው እንግዳ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በነባሮቹ ሊዋጥ ይችላል።

እንዲህ ስል ግን እርሾን ማናናቄ አይደለም። ሳይለወጥም ቢሆን የቢ ቫይታሚኖች ምንጭ ነው፣ ምንም እንኳ ቫይታሚን ኤ እና ቢ 12 ባይኖረውም። ሊጥ በደንብ ሲቦካ ደግሞ በእህሉ ውስጥ ብረትና ዚንክ ይዞ የሚያስቀረው ፋይቴት የሚባለው ነገር ይቀንሳል፤ ልጆች ከእንጀራው የሚያገኙት ጥቅም ይጨምራል ማለት ነው። በዚህ ረገድ ሳይቦካ ተቸኩሎ የሚጋገር ሊጥ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። በሌላ በኩል ዘረ መሉ ሳይነካ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የተመታ የዳቦ እርሾ ኤርጎስቴሮሉን ወደ ቫይታሚን ዲ ስለሚለውጥ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ለዳቦ እንዲውል ፈቅዷል። በረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት በፋብሪካ የሚመረት ቫይታሚንም አዲስ ነገር አይደለም፤ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ቫይታሚን ቢ 2 የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በመሆኑም ወደፊት ወደ ቤትዎ የሚገባው ሕያው እርሾው ሳይሆን ከእሱ ተነጥሎ የወጣው ቫይታሚን፣ ያውም በዘይት ወይም በዱቄት ውስጥ ተጨምሮ፣ ይመስለኛል። ዘይት ሲገዙ በቫይታሚን ኤ እና ዲ የበለጸገ መሆኑን ከመለያው ላይ ያንብቡ።

ወደ ዳቦው ስመለስ፣ ባለቤትዎ ብርቱካናማ ዳቦ ለመጋገር ውጭ አገር የተሠራ እርሾ አያስፈልጋትም። ስኳር ድንቹን ከነልጣጩ ከድና ትቀቅል፣ ትላጥ፣ እስኪልም ድረስ ትደቁስና ከዱቄቱ ሲሶ ያህሉን በድቁሱ ትተካ። ስትጀምር ብዙ ሴቶች የሚቸገሩበትን ልንገራት፤ ድቁሱ ራሱ ውሃ ስለሚይዝ እንደ ወትሮው ውሃ ከጨመረች ሊጡ ይቀጥንና ዳቦው መሀሉ ሳይበስል ይቀራል። ድቁሱን ከዱቄቱ፣ ከእርሾውና ከጨው ጋር ካሸች በኋላ ውሃውን በማንኪያ እየጨመረች ሊጡ ከጣቷ ሲላቀቅ ታቁም። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት፤ ካሮቲን ያለ ስብ በሚገባ ወደ ሰውነት አይገባም። ዱቄት ስለምትቆጥብም የስንዴ ዋጋ ሲንር ጥቅሙ በኪሷ ይታያል።

ስለ ድርቁ ያነሡት ስሞታ ተገቢ ነው፤ ብርቱካናማው ሐረግ በበጋ መጥፋቱ ብዙ አርሶ አደሮችን ያሰለቸ ነገር ነው። መፍትሔው ከሐረጉ ይልቅ ድንቹን ማስቀመጥ ነው። ሲቆፍሩ ትንንሾቹን፣ ነቀዝ ያልነካቸውንና ያልቆሰሉትን ይምረጡ፤ በሳፋ ወይም በተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ ደረቅ አሸዋ አንጥፈው እርስ በርስ ሳይነካኩ ይደርድሯቸውና በአሸዋ ሸፍነው ጥላ ባለበት ያኑሯቸው። ዝናብ ከመጀመሩ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብለው የበቀሉትን አውጥተው ውሃ ወደሚገኝበት፣ ከብት ወደማይደርስበት መደብ ያዛውሯቸው። ዝናቡ ሲገባ ከሐረጉ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ይቅበሩ፤ በመደቦች መካከል 60፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። መሬቱ ሲሰነጠቅ ነቀዙ በስንጥቁ ስለሚገባ አፈር ማስታቀፍን አይርሱ። ያለዎት ሐረግ ቅጠሉ የተጨማደደና የቀጨጨ ከሆነ የቫይረስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አያራቡት፤ እንደ ቱላና ኩልፎ ያሉትን ብርቱካናማ ዝርያዎች ንጹሕ ሐረግ ለማግኘት በአረካ የሚገኘውን የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም የቀበሌዎን የልማት ሠራተኛ ይጠይቁ። ለገበያ የሚሆነውን ነጩን መተው የለብዎትም፤ እኔ ብሆን ሲሶውን ቦታ ለብርቱካናማው እተውለት ነበር፤ በተለይም ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር በቤት ካለ። ከቤተሰብዎ መካከል ሲመሽ ማየት የሚቸገር ሰው ካለ ግን በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ዳፍንት ሊሆን ስለሚችል ድንቹን አይጠብቁ፣ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ለዶሮዎቹ የዳቦ እርሾ ገዝቶ መስጠት ወጪ ነው። የጠላ አተላ ካለዎት የሞተ እርሾ ስላለው ፕሮቲንና ቢ ቫይታሚን ይሰጣል፤ ውሃውን ጨምቀው በዚያው ዕለት በሥሡ አስጥተው ያድርቁት፣ ሻጋታ ከታየበት ይጣሉት፣ ከመኖውም ጋር በጥቂቱ ቀላቅለው ይስጡ እንጂ ብቻውን አያድርጉት። ላም ካለችዎ ለእሷ በዚህ ረገድ አይጨነቁ፤ ጤናማ የሆነ ጨጓራዋ ቢ ቫይታሚኑን ራሱ ይሠራል፤ በበጋ የሚጎድላት አረንጓዴ መኖ ነው፣ ቅቤዋ የሚነጣውም በዚያው ምክንያት ነው። ለዶሮዎቹም ለላሟም ቫይታሚን ኤ የሚሰጠው እዚያው ማሳዎ ላይ ነው፤ ስኳር ድንቹን ሲቆፍሩ የሚተርፈውን ቅጠል ለዶሮዎቹ ከትፈው፣ ለላሟ ደግሞ ጠውለግ ካለ በኋላ ይስጡ። የእንቁላሉ አስኳል ሲቀላ ግን በቀለሙ ብቻ አይታለሉ፤ አስኳልን ከሚያቀሉት ቀለሞች ብዙዎቹ ወደ ቫይታሚን ኤ የማይለወጡ ናቸው።