የፎልክሊንገን ምድጃዎችና የፎስፈረስ ጣጣ

ጥያቄ፦ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት አቅልጦ ፌሮ በሚያመርት ፋብሪካ እሠራለሁ። ጀርመን አገር ፎልክሊንገን የሚባል አሮጌ የብረት ፋብሪካ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነበር የሚሠራው? ከእኛ ማቅለጫስ በምን ይለያል?

መልስ፦ እናንተ የምታቀልጡት ብረት የሆነውን ነው፤ ፎልክሊንገን ግን ብረቱን የሚያወጣው ከድንጋይ ነበር።

ፋብሪካው በዛር ወንዝ ዳር የተቋቋመው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። መሥራቹ ዩሊዩስ ቡህ ስላልቀናው ካርል ሮሽሊንግ በ1881 ገዛው፤ በ1883 የመጀመሪያውን ብላስት ፈርነስ (አየር እየተነፋበት ማዕድን የሚቀልጥበትን ረጅም ምድጃ) አቀጣጠለ። ምድጃዎቹ ኋላ ስድስት ደርሰዋል።

ኮክ (አየር በሌለበት ተግሎ የተጣራ የድንጋይ ከሰል)፣ የብረት ማዕድንና የኖራ ድንጋይ በየተራ ከላይ ይጨመራል፤ ከታች 1,000 ዲግሪ ገደማ የጋለ አየር ይነፋል። ኮኩ ሲነድ የሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከማዕድኑ ኦክስጅኑን ይነጥቃል። ኖራው ባዕድ ነገሩን ይዞ ስላግ ይሆንና በፈሳሹ ብረት ላይ ይንሳፈፋል። ማዕድኑ ዱቄት ከሆነ የአየሩ መውጫ ይታፈናል፤ በ1928 የተሠራው የሲንተር ክፍል ዱቄቱን አግሎ ወደ ጓል የሚለውጠው ለዚህ ነበር። ንፋሱ ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠ ደግሞ ብረቱ ከሥር ይረጋል፤ ምድጃውን ማስነሳት ከባድ ነው። ስለዚህ ሥራው ሌሊትና ቀን በፈረቃ ይሄድ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደው እዚያ ሠርተዋል፤ የፋብሪካው ታሪክ ሲነሳ ይህን መዝለል ነውር ነው። የምድጃዎቹ እሳት በ1986 ጠፋ፤ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በ1994 ነው።

ለእናንተ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። ፎልክሊንገን ከፈረንሳይ ሎሬን ግዛት ይመጣለት የነበረው ማዕድን ብረቱ 30 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ፎስፈረስ ይበዛበታል። ፎስፈረስ ያለበት ብረት በብርድ ጊዜ ሳይታጠፍ ይሰበራል። መፍትሔው የቶማስ ዘዴ ሆነ፦ ፈሳሹ ብረት አየር እየተነፋበት የሚጣራበት ዕቃ ውስጠኛ ግድግዳ ዶሎማይት በሚባል ኖራ መሰል ድንጋይ ይለበጣል፣ ኖራ ይጨመራል፣ አየር ከሥር ይነፋል፤ ፎስፈረሱ ወደ ስላጉ ይገባል። ያ ስላግ ተፈጭቶ ማዳበሪያ ሆኖ ይሸጥ ነበር።

የእናንተ ማቅለጫ ኢንዳክሽን (በኤሌክትሪክ መጠምጠሚያ የሚያግል) ከሆነና ግድግዳው እንደ አብዛኛው በሲሊካ አሸዋ ከተለበጠ ይህ አይቻልም። ኖራ ብትጨምሩ ግድግዳውን ይበላዋል። በቁርጥራጩ የገባው ፎስፈረስ በሙሉ ፌሮው ውስጥ ይቀራል፤ ማስወገጃው መለየት ብቻ ነው። የሞተር ብሎክ፣ የፍሬን ታምቡርና ሌላ ጊዛ ብረት ካርቦኑም ፎስፈረሱም ስለሚበዛ ለብቻው ይቀመጥ። እርጥብ ቁርጥራጭና አፉ የተዘጋ ሲሊንደር ወይም ቱቦ ደግሞ ከቶ አይግባ፤ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፈሳሹን ብረት ሰው ላይ ይረጨዋል። ቁርጥራጩ ከዝናብ በጣሪያ ይጠለል፤ ሲሊንደሩም ጋዙ ሙሉ በሙሉ መውጣቱ ሳይረጋገጥ አይቆረጥ።