ፒክአፕህን በትንሽ ብር ዝቅ ልታደርግ ከሆነ ባሌስትራውን እሳት አታስነካው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አሮጌ ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ፣ ብዙ ብር የለኝም፣ አንድ ጋራዥ «ባሌስትራውን በኦክስጅን አሙቀን እናወርድልሃለን» አለኝ፣ ላሠራው ወይ ብለሃል። በፍጹም አታሠራው። ባሌስትራ ማለት ተደራርበው መኪናውን ከኋላ የሚሸከሙት ረጃጅም የብረት ስፕሪንጎች ናቸው፣ ኦክስጅን የሚሉት ደግሞ የብየዳ እሳት ነው። እኔም ያው መኪና ነው ያለኝ፣ ኪሴም ያንተው ዓይነት ነበር። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ ልንገርህ።

1. ብር ከማውጣትህ በፊት መኪናው ስር ግባ። አዲስ አበባ ውስጥ ጭነት የሠራ ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ባሌስትራ ተጨምሮበታል። ባዶውን ሲሄድ ቂጡ ወደ ላይ የሚነሳው ለዚህ ነው። የተጨመረው በውፍረቱም በዝገቱም ከሌሎቹ ይለያል፣ ዓይንህ አይስተውም። እሱን ማስወጣት ብቻ መኪናውን ወደ ፋብሪካ ቁመቱ ይመልሰዋል። የምትከፍለው የጉልበትና ድርድሩን አንድ ላይ የሚያስረው የመሃል ቡሎን ብቻ ነው። ፋብሪካው ያስቀመጠውን ግን አንድም አትንካ። አንተም እንደኔ ጠዋት ጠዋት መርካቶ ጭነት ላይ ነህ ብዬ ነው።

2. የፊቱ ከዚህም ይቀላል። የፊት እግሩ በቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠመዘዘ እንደ ስፕሪንግ በሚሠራ ዘንግ፣ የሚሠራ ከሆነ ማስተካከያ ቡሎን አለው፤ ሲላላ ፊቱ ይወርዳል። መኪናውን በክሪክ አንስተህ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ አሳርፈው እንጂ በክሪክ ብቻ ተማምነህ ስሩ አትግባ። ከማንሳትህ በፊት ግን፣ መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓርፋንጎው ጠርዝ በሁለቱም በኩል ለካ። ግራና ቀኙን እኩል ዙር ፈታሁ ማለት እኩል ወረደ ማለት አይደለም። የአሮጌ መኪና ሁለት ባሮች እኩል አልደከሙም። ስለዚህ ዙር አትቁጠር፣ ቁመት ለካ። ትንሽ ነድተህ መኪናው ሲረጋ ደግመህ ለካ። ከ5 ሴንቲሜትር በላይ አትውረድ። ከዚያ ካለፍክ ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው ዋና ብረት) ላይ ያለው የመምቻ ጎማ በየፍጥነት መቀነሻው ይመታል፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችንን ደግሞ ታውቃቸዋለህ። ሲያበቃ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) የግድ ነው። ያንን ብር ቆጥበህ የጎማህን የውስጥ ጠርዝ ካስበላህ ምንም አላተረፍክም።

3. ኋላው ከፋብሪካ ቁመቱም በታች እንዲወርድ ከፈለግክ ብሎክ ነው፣ ማለትም በባሌስትራውና በአክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው ብረት) መሃል የሚገባ ቁራጭ። ግን እዚህ ጋ መካኒኮችም ይሳሳታሉ። ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከሆነ፣ በመሃላቸው የሚገባው ብሎክ መኪናውን ያወርዳል። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ ግን ያው ብሎክ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል። ብሎኩ ድፍን ብረት ይሁን፣ ቶርኖ ቤት ይሠሩልሃል። የመሃል ቡሎኑ ጭንቅላት የሚገባበት ቀዳዳ ከታች በባሌስትራው በኩል፣ ያንኑ ጭንቅላት የሚመስል ጉጥ ከላይ በአክስሉ በኩል ይኑረው። እሱ ከሌለው አክስሉ ይንሸራተታል። እንጨት የሚሉህን ወይም ሁለት ብሎክ ደርበው የሚያስሩልህን ትተህ ሂድ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልትም ረዘም ያለ አዲስ ይሁን።

4. እሳት። በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ሞቆ፣ በልክ ቀዝቅዞ ነው። ኦክስጅን ይዘህ ፍም እስኪመስል ስታሞቀው ያ ሁሉ ይጠፋል። በራሱ ከቀዘቀዘ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ መውረዱን አያቆምም። ውኃ ካፈሰሱበት ደግሞ ይደርቅና ይሰበራል። ቶርሽን ባሩም እንደዚያው ነው።

እኔ ተክለሃይማኖት አካባቢ ላለ አንድ ጋራዥ በግልጽ ተናግሬ ነው የሄድኩት። የተጨመረውን አስወጡ፣ ሌላ ነገር አትንኩ አልኩ። ማታ ስመለስ ባሌስትራው በሙሉ በእሳት ጠቁሯል። ለምን ስል አለቃው «ዝቅ በል አልክ፣ ዝቅ አደረግነው» አለኝ። መኪናው በእርግጥ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ያምር ነበርም። ሳምንታት ሳይቆይ ግን ግራው ከቀኙ በታች ወረደ። ከዚያ ሲሚንቶ ጭኜ ሜክሲኮ አካባቢ ዋናው ባሌስትራ ተሰበረ። አክስሉ ወደ ኋላ ተጎትቶ ጎማው ከቦዲው ጋር ተያያዘ። መንገድ ዘግቼ፣ ክላክስ እየወረደብኝ፣ ጭነቱን በሰው ወደ ሌላ መኪና አዛወርኩ። ጋራዡ ብሬን ሊመልስ ቀርቶ የተሰበረውን ብረት ለማየት እንኳ አልወጣም። ጸሐፊዋ «አለቃ የለም» ስትለኝ ድምፁ ከውስጥ ይሰማኝ ነበር። የሰው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ሥራ ሠርተው እንዲህ መሆናቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሙሉ ድርድሩን ሶማሌ ተራ ያገለገለ ገዛሁ። አንተም እዚያ ከደረስክ ግራና ቀኙ ከአንድ መኪና የወጣ መሆኑን አረጋግጥ። እያንዳንዱን በጨርቅ ጠርገህ በፀሐይ እየው፤ ስንጥቅ የሚደበቀው የመሃል ቡሎኑ ቀዳዳ አጠገብና ጫፉ ላይ ባለው ቀለበት ዙሪያ ነው። ሻጩ ቢያጣድፍህ አትስማው።

ይኸው ጋራዥ ሌላም ነገር ዘሎ ነበር፣ ይህን ያገኘልኝ ጨርቆስ ያለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። ብዙ ሃይሉክሶች ላይ፣ ከኋላ ሻንሲው ላይ የፍሬን ቫልቭ አለ፤ ከሱ ወደ አክስሉ የሚሄድ ዘንግ አለው። ዘንጉ ሻንሲው ወደ አክስሉ ሲጠጋ መኪናው ጭኗል ብሎ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ኃይል ይለቃል። አንተ መኪናውን ዝቅ ስታደርገው ቫልቩ ባዶውንም እንደተጫነ ይቆጥረዋል። ክረምት ላይ ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል ስወርድ ኋላዬ ለምን እንደሚንሸራተት የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ፍሬን ሸራ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ዘንጉን በወረደው ልክ አስተካከሉት፣ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለቦሎ ሲመረመርም ፍሬኑ አለምንም ንግግር አለፈ። የኔ መኪና ዛሬ ከፊትም ከኋላም ልክ ዝቅ ብሎ፣ ጭነቱንም እየሠራ ነው። ሰው እያቆመ የት አሠራኸው ይለኛል፤ ደስ ይለኛል።

ፊቱ ከኋላው በላይ ከወረደ የፊት መብራቱ አጠገብህን ብቻ ነው የሚያበራው፣ እሱንም አስተካክል። ዩ ቦልቶቹን ከተወሰነ ቀን በኋላ ደግመህ አስጠብቅ፣ አዲስ ሲታሰር ይላላል። ሾክ አብዞርበሩ ካላንጠባጠበ ለጊዜው ተወው።

ነገ ጠዋት ስሩ ግባና ኋላውን በጎን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍ። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ይሁን በታች፣ የተጨመረ ይኑር አይኑር አይቼ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ጋራዡን ቀጠሮ አትስጠው።